ይግባኙ ሳይሰማ እስራቱ እንዳያልቅ

ይግባኝ የሚለው ቃል በቋንቋችን ውስጥ ረጅም ዕድሜ ያለው ቃል ነው። ትርጉሙም ከራሱ ከቃሉ ይገኛል፤ «ነገሬ ከዚህ ተነሥቶ ወደ በላይ ዳኛ ይግባልኝ» ማለት ነው። አባቶቻችን የአጥቢያው ዳኛ ፍርድ ያልተዋጠላቸው እንደ ሆነ ከዳኛ ወደ ዳኛ፣ ከዚያም ወደ አፈ ንጉሡ፣ አልፎም እስከ ዙፋን ችሎት ድረስ ነገራቸውን እየተከተሉ፣ ስንቃቸውን ቋጥረው ረጅም መንገድ ይሄዱ እንደ ነበር ከታሪክ እንረዳለን። «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» የሚለውም ተረት ይህንኑ ጠባያችንን የሚገልጥ ነው። ኢትዮጵያዊ በቅሎውን ቢያጣ በፍርድ እስከ ሆነ ድረስ ይታገሣል፤ ያለ ፍርድ የተወሰደችበት ጭብጦ ግን ስታንገበግበው ትኖራለች።

ዛሬ ልንነጋገርበት የፈለግነው ነገር ከዚህ ከሰፊው የይግባኝ ጉዳይ አንዱን ክፍል ብቻ የሚመለከት ነው። አንድ ሰው በወንጀል ተከሶ፣ ጥፋተኛ ነህ ተብሎ፣ እስራት ተፈረደበት እንበል። ሰውየውም ፍርዱን በመቃወም ይግባኝ ብሏል። እንግዲህ የበላይ ፍርድ ቤት ይግባኙን ሰምቶ ውሳኔ እስኪሰጥ ድረስ ይህ ሰው የት ይቆያል? በወኅኒ ቤት ነው ወይስ ዋስ ጠርቶ በቤቱ? የቅጣቱ አፈጻጸም እንዲታገድለት ቢያመለክትስ ማመልከቻው በምን ሚዛን ሊመዘን ይገባዋል?

ጥያቄው ላይ ላዩን ሲያዩት የጠበቆችና የዳኞች ብቻ ይመስላል። ነገር ግን ነገ በዳኝነት ወንበር የሚቀመጡት የዛሬዎቹ ተማሪዎች ናቸው። ዛሬም ቢሆን መዝገብ የሚያወጡት፣ ግልባጭ የሚያዘጋጁት፣ የእስረኛውን ማመልከቻ ተቀብለው የሚያስተላልፉት በብዛት ወጣት ሹማምንትና ጸሐፊዎች ናቸው። ስለዚህ ጉዳዩ የእነርሱም ነው ብለን እናምናለን።

ከኮልፌ ገበያ እስከ ይግባኝ ሰሚው ችሎት

ነገሩን ከመጽሐፍ አውርደን በመሬት ላይ ለማየት ያህል ወደ አዲስ አበባ ምዕራብ፣ ወደ ኮልፌ ቀራንዮ እንሻገር። ኮልፌ ቀራንዮ ከዋና ከተማችን ክፍለ ከተሞች መካከል ብዙ ሕዝብ ከሚኖርባቸው አንዱ ነው። በአጠና ተራ የባሕር ዛፍ አጠና የሚሸጠው፣ በእፎይታ ገበያ የሚቸረችረው፣ ከአየር ጤና ወደ ጦር ኃይሎች ታክሲ የሚነዳው፣ በዓለም ባንክና በቤቴል በአዳዲስ ሕንፃዎች ላይ ሲሚንቶ የሚያቦካው፣ አብዛኛው የዕለት እንጀራውን በዕለት ድካሙ የሚያገኝ ሰው ነው። እንዲህ ያለው ሰው አንድ ቀን ከሥራው የቀረ እንደ ሆነ በዚያው ቀን ማታ በቤቱ ይታወቃል።

አሁን አንድ የታክሲ ነጂ በምሳሌ እንውሰድ። ምሳሌው የእኛ ነው፤ ሰውየውም በስም የሚጠራ ሰው አይደለም። ይህ ነጂ በቸልተኛነት በሰው ላይ የአካል ጉዳት አድርሰሃል ተብሎ ተከሰሰ። «ሰውየው በድንገት ዘሎ ገባብኝ፤ የትራፊክ ፖሊሱ ያነሣው ፕላንም የተጋጨንበትን ቦታ በትክክል አያሳይም» ብሎ ተከራከረ። ፍርድ ቤቱ ግን ክርክሩን አልተቀበለውም፤ የአራት ወር ቀላል እስራት ፈረደበት። ነጂው ከችሎት በቀጥታ ወደ እስር ቤት ሄደ። ጉዳዩ የታየው በፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት እንደ መሆኑ መጠን ይግባኙ የሚቀርበው ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው።

እስቲ እንግዲህ ቀኑን እንቁጠር። በ1954 ዓ.ም. የወጣውና ፍርድ ቤቶቻችን ለስድሳ ዓመት ያህል ሲመሩበት የቆዩት የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ ይግባኝ ባዩ ፍርዱ በተሰጠ በ15 ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለቱን ፍርዱን ለሰጠው ፍርድ ቤት በጽሑፍ እንዲያስታውቅ አዘዘ። የመዝገብ ቤቱም ኃላፊ የመዝገቡንና የፍርዱን ግልባጭ በተቻለ ፍጥነት አዘጋጅቶ እንዲሰጠው፣ ሰውየው በእስር ላይ ያለ እንደ ሆነም በወኅኒ ቤቱ አለቃ በኩል እንዲደርሰው ደነገገ። ግልባጩን ከተቀበለ በኋላ ደግሞ የይግባኝ ማመልከቻውን በ30 ቀን ውስጥ ማቅረብ አለበት።

ሕጉ «በተቻለ ፍጥነት» ይበል እንጂ የሚፈጥነውም የሚዘገየውም ሰው ነው። ጠበቃ የሌለው ነጂ ይህን ሁሉ ከሌሎች እስረኞች ጠይቆ እስኪረዳ ቢያንስ አንድ ሳምንት ይሄዳል እንበል። ግልባጩ አንድ ወር ቢፈጅ፣ ማመልከቻውን አስጽፎ ለማስገባት ሌላ ሦስት ሳምንት ቢጨምር፣ ከዚያም ችሎቱ መዝገቡን መርምሮ ዐቃቤ ሕግ መልስ እንዲሰጥበት ቀጠሮ ቢሰጥ፣ በዚያም ላይ አንድ ቀጠሮ ቢተላለፍ፣ አራቱ ወር አለቀ። እንዲያውም ከዚያ በፊት የቅጣቱን ሁለት ሦስተኛ ፈጽሞ በአመክሮ ሊወጣ ይችላል። በዚህ መካከል ታክሲው ለሌላ ነጂ ተሰጥቷል፤ ዕቁቡ ተቋርጧል፤ የቤት ኪራዩ ተጠራቅሟል፤ ሚስቱም ስንቅ ይዛ ከከተማው ምዕራብ ተነሥታ እስረኛው ወዳለበት ማረሚያ ቤት ስትመላለስ ከርማለች።

ከዚህ በኋላ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ነገሩን መርምሮ «ፕላኑ በእውነት ስሕተት ነበር፤ ነጂው ጥፋተኛ አይደለም» ቢል ምን ይጠቅመዋል? በርግጥ ስሙ ይጠራለታል፤ ይህም ቀላል ነገር አይደለም። ዳሩ ግን የሄዱትን ቀኖች ማንም አይመልስለትም። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚባለው እንዲህ ያለው ነገር ነው።

አጭሩ ቅጣት ይግባኙን ሲቀድመው

ከዚህ ምሳሌ አንድ እንግዳ ነገር ይወጣል። ረጅም እስራት የተፈረደበት ሰው ይግባኙ ቢዘገይም በመጨረሻው ይጠቀምበታል። ለምሳሌ ጋዜጠኛ ርእዮት ዓለሙ በ2004 ዓ.ም. 14 ዓመት እስራት ተፈርዶባት ነበር፤ ያው ዓመት ሳያልቅ ይግባኙን የሰማው ፍርድ ቤት ቅጣቱን ወደ 5 ዓመት አውርዶታል። የ9 ዓመት ልዩነት ማለት ነው። ይግባኝ እንዲያው ለወጉ የሚባል ነገር አለመሆኑን ከዚህ እንረዳለን። ውሳኔው ሲሰጥ የሚቀነስ ቅጣት ነበረና ይግባኙ ፍሬ አፈራ።

አራት ወር የተፈረደበት ሰው ግን ይግባኙ ሲደርስ የሚቀነስለት ነገር የለም። አሥር ቀን የተፈረደበት ደግሞ ከዚህም የባሰ ነው። በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ የቀላል እስራት ዝቅተኛ መጠን አሥር ቀን ነው። የይግባኝ ማስታወቂያ የሚሰጥበት ጊዜ ደግሞ 15 ቀን መሆኑን አይተናል። እንግዲህ ዝቅተኛው ቅጣት የተፈረደበት ሰው፣ ይግባኝ እላለሁ ወይስ አልልም ብሎ እንዲያስብ ሕጉ የሰጠው ጊዜ ሳያልቅ፣ እስራቱን ጨርሶ ይወጣል ማለት ነው። ጥፋቱ ባነሰ መጠን የይግባኝ መብቱም እያነሰ ይሄዳል። በወንጀል ዓይን ሲታይ ከሁሉ የቀለለው ሰው በይግባኝ ዓይን ሲታይ ከሁሉ የተጎዳ ሆኖ ይገኛል። ይህ ነገር ሕግ አውጪው አስቦ ያደረገው አይመስለንም፤ ነገር ግን አፈጻጸሙን የሚያግድ ፈጥኖ ደራሽ መንገድ ከሌለ የሚሆነው ይኸው ነው።

የቃላት መቀላቀል

ወደ ፊት ከመሄዳችን በፊት በብዙ ሰው ዘንድ የሚቀላቀሉ አንዳንድ ቃላትን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። «ታገደለት»፣ «በገደብ ተለቀቀ»፣ «በአመክሮ ወጣ»፣ «ምሕረት አገኘ» እየተባለ ሲነገር እንሰማለን። ሁሉም ሰውን ከወኅኒ ቤት ውጭ ስለሚያደርጉ አንድ ይመስላሉ፤ ሆኖም ልዩነታቸው ሰፊ ነው።

ገደብ ማለት የፈረደው ፍርድ ቤት ራሱ የጥፋተኛውን ጠባይና የጥፋቱን መጠን አይቶ፣ «ለዚህን ያህል ዓመት በመልካም ጠባይ ብትኖር ቅጣቱ አይፈጸምብህም» ሲል ነው። አመክሮ ማለት ቅጣቱን በብዛት የፈጸመ ሰው በመልካም ጠባዩ ምክንያት የቀረው ጊዜ በውጭ እንዲፈጸምለት ማድረግ ነው። ይቅርታና ምሕረት ደግሞ የፍርድ ቤት ሥራ አይደሉም፤ ከመንግሥት በኩል የሚመጡ ናቸው። የእነዚህ ሁሉ መሠረት ሰውየው ጥፋተኛ መሆኑ ነው።

እኛ የምንነጋገርበት እግድ ግን ከእነዚህ የተለየ ነው። የእግድ ጠያቂ «ማሩኝ» አይልም፤ «ጥፋተኛ ነኝ፤ ግን ራሩልኝ» አይልም። የሚለው «ክርክሬ ገና አላለቀም፤ የበላዩ ዳኛ እስኪሰማኝ ድረስ የማይመለስ ነገር አይደረግብኝ» ነው። ልመናና መብት የተለያዩ እንደ መሆናቸው መጠን ማመልከቻውን የሚጽፈው ሰውም ሆነ የሚመረምረው ዳኛ ይህን ልዩነት ልብ ሊለው ይገባል። ብዙ ማመልከቻ የሚበላሸው ስለ ልጆች ረኀብና ስለ እናት ሕመም ብቻ ሲዘረዝር ስለ ይግባኙ ምክንያት አንድም ቃል ሳይናገር በመቅረቱ ነው።

ሕጋችን የማይመለሰውን ነገር እንዴት ያያል?

በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በ20ኛው አንቀጽ የይግባኝን መብት አረጋግጧል። ኢትዮጵያ በ1985 ዓ.ም. የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳንም በ14ኛው አንቀጽ በወንጀል የተፈረደበት ሰው ሁሉ ፍርዱና ቅጣቱ በበላይ ፍርድ ቤት እንዲመረመርለት ይፈቅዳል። መብቱ ስለ መኖሩ ክርክር የለም። ክርክሩ መብቱ ዋጋ በሚኖረው ሰዓት ይገኛል ወይ ነው።

እዚህ ላይ ሕጋችን ራሱ የሚያስተምረን አንድ ሥርዓት አለ። የማይመለስ ነገር ይጠብቃል። ለምሳሌ የሞት ፍርድ የአገሪቱ ርእሰ ብሔር ሳያጸድቀው አይፈጸምም። የደርግ ባለ ሥልጣኖችን ጉዳይ ብንመለከት፣ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በ1999 ዓ.ም. በመሪዎቹ ላይ የዕድሜ ልክ እስራት ፈረደ፤ ዐቃቤ ሕግ ቅጣቱ አነሰ ብሎ ይግባኝ በማለቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2000 ዓ.ም. ቅጣቱን ወደ ሞት ከፍ አደረገው፤ በ2003 ዓ.ም. ደግሞ በእስር ላይ የነበሩት የሞቱ ቅጣት ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠላቸው። በሦስቱ እርምጃዎች መካከል ሕጉ ቆሞ ባይጠብቅ ኖሮ ሦስተኛው እርምጃ ትርጉም ባልኖረው ነበር።

ከዚህ ወረድ ብለን የገንዘብና የንብረት ክርክርን ብናይ፣ በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ እግድ የሚፈቀድበትን ሁኔታ ለይቶ አስቀምጧል። ጠያቂው ከባድ ጉዳት የሚደርስበት መሆኑ፣ ማመልከቻውን ሳይዘገይ ማቅረቡና በቂ ዋስትና መስጠቱ ይመረመራል። ቤቱ በሐራጅ ሊሸጥ የቀረበበት ሰው እነዚህን ይዞ ቢቀርብ ሐራጁ ይቆምለታል።

እንግዲህ በአንድ በኩል ነፍስ አለች፤ ትጠብቃለች። በሌላ በኩል ቤት አለ፤ እርሱም ይጠብቃል። በሁለቱ መካከል የሰው ነጻነት አለ። ቤት በስሕተት ቢሸጥ በገንዘብ ሊካካስ ይችላል። በእስር ያለፈች አንዲት ቀን ግን እንደ ነፍስ አትመለስም። ታዲያ ከቤቱ የበለጠ ጥንቃቄ የሚገባው ለሰውየው አይደለምን? በወንጀል ረገድ ይግባኝ ማለት ብቻውን ቅጣቱን አያቆመውም፤ ይግባኝ ባዩ ማመልከትና ምክንያቱን ማስረዳት አለበት። ይህን አንቃወምም። የምንለው ማመልከቻው በቀረበ ጊዜ የመጀመሪያው ሚዛን «ይህ ነገር ኋላ ይመለሳልን?» የሚል ጥያቄ ይሁን ነው።

ሌሎች አገሮች ያገኙት መንገድ

በእንግሊዝ አገር የተፈረደበት ሰው ይግባኙ እስኪሰማ በዋስ ይውጣ ሲባል በቀላሉ አይፈቀድም። የተለየ ምክንያት ያስፈልጋል። የፍርድ ቤቶቹ ልማድ ከተቀበላቸው ምክንያቶች ግን አንዱ ይግባኙ የሚሳካ መስሎ መታየቱ ሲሆን፣ ሌላው ይግባኙ ሳይሰማ እስራቱ የማለቅ አደጋ መኖሩ ነው። ጥብቅ የሆነው ሥርዓት እንኳ የአጭሩን ቅጣት ችግር ለይቶ አይቶታል።

የሕንድ ሕግ ከዚህም ይልቅ ሰፋ ያለ ነው። በ1973 እ.ኤ.አ. የወጣው የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕጋቸው፣ በዋስ ሆኖ ሲከራከር የነበረ ሰው ከሦስት ዓመት ያልበለጠ እስራት ሲፈረድበት፣ ይግባኙን አቅርቦ ከበላይ ፍርድ ቤት ትእዛዝ እስኪያገኝ የፈረደው ፍርድ ቤት ራሱ በዋስ እንዲለቀው ደነገገ፤ በ2023 እ.ኤ.አ. በወጣው አዲሱ ሕግም ይኸው ሐሳብ ቀጥሏል። የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1977 እ.ኤ.አ. በሰጠው ውሳኔ፣ «ይግባኝህን ተቀብለናል፤ ለመስማት ግን ጊዜ የለንምና እስከዚያ በእስር ቆይ» ማለት ከፍትሕ ጋር እንደማይስማማ አስረድቷል።

ከሁሉም ይልቅ በቅርብ ጊዜ የዓለም ጋዜጦች የተነጋገሩበት የፈረንሳይ ጉዳይ ነው። በፈረንሳይ ይግባኝ በተባለ ጊዜ ፍርድ ቤቱ ለይቶ ካላዘዘ በቀር ቅጣቱ ይቆማል። የቀድሞው ፕሬዚዳንት ኒኮላ ሳርኮዚ በመስከረም 2018 ዓ.ም. አምስት ዓመት ሲፈረድባቸው ግን ፍርዱ ይግባኝ ቢባልም እንዲፈጸም ታዘዘ። በጥቅምት ወር ወደ ወኅኒ ቤት ገቡ፤ 20 ቀን ያህል ከቆዩ በኋላ የይግባኙ ፍርድ ቤት ማመልከቻቸውን ሰምቶ በቁጥጥር ሥር ሆነው ይግባኛቸውን በውጭ እንዲጠባበቁ ፈቀደላቸው። እኛ እዚህ ላይ ስለ ሰውየው ጥፋተኛነት የምንሰጠው አስተያየት የለንም። ትኩረታችንን የሳበው ፍጥነቱ ነው። ማመልከቻው ከይግባኙ ተለይቶ በቀናት ውስጥ ታየ። ለቀድሞ ፕሬዚዳንት የተቻለው ለታክሲ ነጂም ሊቻል ይገባል።

ተቃዋሚዎች የሚሉት

መቼም ሐሳባችንን የማይቀበሉ ሰዎች እንደሚኖሩ እናውቃለን፤ የሚያቀርቡትም ምክንያት የሚናቅ አይደለም። በመጀመሪያ «እንደ ንጹሕ የመቆጠር መብት ለተከሳሽ እንጂ ለተፈረደበት አይደለም፤ አንድ ጊዜ ማስረጃ ተሰምቶ ከተፈረደ በኋላ ፍርዱ እውነት ነው ተብሎ ሊታመን ይገባል» ይላሉ። ይህ ልክ ነው። ስለዚህም ነው እግዱ ለሁሉ ያለ ምርመራ ይሰጥ የማንለው። ይሁን እንጂ ፍርዱ ፍጹም ነው ብለን ብናምን ኖሮ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ማቋቋም ባላስፈለገን ነበር።

ሁለተኛው ምክንያት «የተፈረደበት ሰው ይጠፋል» የሚል ነው። እስራቱን አስቀድሞ ያወቀ ሰው ካላወቀው ይልቅ ለመጥፋት ምክንያት አለው። ሆኖም አራት ወር የተፈረደበት፣ ቤቱና ልጆቹ በኮልፌ ያሉ፣ ክርክሩንም በዋስ ሆኖ አንድ ቀጠሮ ሳያጓድል የጨረሰ ሰው፣ ለአራት ወር ብሎ ዕድሜውን ሙሉ ይሸሻልን? ሃያ ዓመት የተፈረደበት ሰው ጉዳይ የተለየ ነው፤ የእርሱ ይግባኝ ደግሞ ቀደም ብለን እንዳየነው ቢዘገይም ዋጋ አያጣም። ስለዚህ የመጥፋት ፍርሃት የሚበረታው የእግዱ አስፈላጊነት በሚያንስበት ስፍራ ነው።

ሦስተኛው ስለ ተበዳዩ ነው። የተመታው ሰው፣ የመታውን በማግስቱ በገበያ ሲያየው ምን ይሰማዋል? ይህ ከሁሉ የከበደው ጥያቄ ነው። የሚዛት ወይም የሚያስፈራራ ሰው እግድ ሊያገኝ አይገባውም። በሌላውም ጊዜ ቢሆን እግዱ ከግዴታ ጋር ሊሰጥ ይችላል፤ ከተበዳዩ ቤትና መሥሪያ ቤት እንዳይደርስ፣ በየሳምንቱ ለፖሊስ ጣቢያ እንዲያመለክት፣ ከከተማው እንዳይወጣ ይታዘዛል። ግዴታውን ያፈረሰ ዕለት እግዱ ይነሣል። ተበዳዩም ቢሆን ሊያስብበት የሚገባ ነገር አለ። እውነተኛው ጥፋተኛ ሌላ ሰው ሆኖ ቢገኝ የአንዱ ያለ ጥፋት መታሰር ለእርሱ ምን ካሳ ይሆነዋል?

አራተኛው፣ እኛም የምንጋራው ሥጋት፣ እግድ የባለጸጋ መብት ብቻ ሆኖ እንዳይቀር ነው። ብዙ ሺህ ብር አስይዝ ቢባል የአጠና ነጋዴው ይችል ይሆናል፤ አጠና ተሸካሚው ግን አይችልም። ስለዚህ ዋስትናው በሰውየው አቅም ይለካ እንላለን። በአገራችን ከገንዘብ ይልቅ የኖረው የሰው ዋስ ነው። የዕድሩ ሰዎች የሚያውቁት፣ ጎረቤት «እኔ አለሁለት» የሚለው ሰው ብዙ ብር ካስያዘው ይልቅ የታሰረ ነው። የጎረቤቱን አደራ በልቶ በሰፈሩ መኖር አይችልምና።

ይግባኝ ማለት ፍርድ ቤትን ማመን ነው

«ይግባኝ ብሎ ደግሞ እግድ መጠየቅ የፈረደውን ዳኛ መናቅ ነው» የሚሉም አይጠፉም። ለዚህ መልስ የሚሆን ታሪክ ከኮልፌ ጋር የተያያዘ ስለ ሆነ እናንሣው። የሥነ ሥርዓቱ ሕግ በወጣበት በ1954 ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ ኔልሰን ማንዴላ ወደ አዲስ አበባ መጥተው በኮልፌ በፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሰፈር ወታደራዊ ትምህርት ተምረው ነበር። ወደ አገራቸው በተመለሱ በጥቂት ቀን ውስጥ ተያዙ፤ በጥቅምት 1955 ዓ.ም. ሕዝብን ለሥራ ማቆም አነሣሥተሃል፣ ያለ ፓስፖርትም ከአገር ወጥተሃል ተብለው አምስት ዓመት ተፈረደባቸው። ቀጥሎም በሪቮኒያ ክስ ከጓደኞቻቸው ጋር ለፍርድ ሲቀርቡ፣ እርሳቸውና ዋልተር ሲሱሉ እንዲሁም ጎቫን ምቤኪ ሞት ቢፈረድብንም ይግባኝ አንልም ብለው አስቀድመው ወሰኑ። በሰኔ 1956 ዓ.ም. የተፈረደባቸው ዕድሜ ልክ እስራት ነው።

እነዚያ ሰዎች ይግባኝ አንልም ያሉት ፍርዱን አክብረው አይደለም። ያንን የዘር ልዩነት መንግሥት ተቃውመው፣ የሞት ፍርድ ቢመጣ እንኳ ከትግላቸው ፊት እንዳያስፈራቸው ቆርጠው ስለ ነበር ነው። እንግዲህ ነገሩን ገልብጠን እንየው። የእኛ የኮልፌ ነጂ፣ ስንት ነገር እያለበት፣ ሳንቲሙን ቆጥሮ ማመልከቻ አስጽፎ ወደ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ሲሄድ ምን እያለ ነው? «እውነቴን የሚሰማ ዳኛ በአገሬ አለ» እያለ ነው። ከዚህ የበለጠ ለፍርድ ቤት የሚሰጥ ክብር አናውቅም። ይህን እምነት ይዞ የመጣን ሰው፣ እስራቱን ከጨረሰ በኋላ «አሁን ልንሰማህ ነው» ብንለው የሚጎዳው እርሱ ብቻ አይደለም። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ይማርበታል፤ ሁለተኛም «ይግባኝ ምን ያደርጋል» ይላል። ይህች ቃል በሕዝብ መካከል የተለመደች ዕለት ሰው ወደ ፍርድ ቤት መሄዱን ትቶ ወደ አማላጅ ፊቱን ያዞራል።

ምን ይደረግ?

የምናቀርበው ሐሳብ ከአቅም በላይ አይደለም። በመጀመሪያ፣ የእግድ ማመልከቻ ከዋናው ይግባኝ ተለይቶ፣ በቀረበ በጥቂት ቀን ውስጥ ይታይ። ሁለተኛ፣ ቅጣቱ አጭር መሆኑ ራሱ እንደ አንድ ትልቅ ምክንያት ይቆጠር። ሦስተኛ፣ ማመልከቻው ሲፈቀድም ሆነ ሲከለከል ምክንያቱ በመዝገብ ይጻፍ፤ ሰው የተከለከለበትን ምክንያት ሲያውቅ ቢያዝንም አይቃወምም። አራተኛ፣ እግዱ በተከለከለ ጊዜ ይግባኙ ከሌሎች መዝገቦች ቀድሞ ይሰማ። እግዱ በተፈቀደ ጊዜም ይግባኙ አይጓተት፤ እግድ የሚያስፈልገው ክርክር እስኪያልቅ ነውና ክርክሩን የማያልቅ ማድረጊያ መሣሪያ እንዳይሆን ነው።

አመልካቹም የበኩሉን ያድርግ። ማመልከቻውን አጭርና ግልጽ አድርጎ፣ ፍርዱ የተሳሳተበትን ዋና ነጥብ በጥቂት መስመር ይግለጥ፤ የቅጣቱን ርዝመትና ይግባኙ ሊፈጅ የሚችለውን ጊዜ ያወዳድር፤ ቋሚ አድራሻውን፣ ሥራውን፣ ቀድሞ በዋስ ሳለ ቀጠሮ ማክበሩን ያስረዳ፤ ዋሱንም ይዞ ይቅረብ። እንዲህ ያለ ማመልከቻ ዳኛውን ይረዳዋል።

በመጨረሻ ወደ ወጣት ሹማምንት እንመለሳለን። አንድ ግልባጭ በጠረጴዛችሁ ላይ ተቀምጦ ስታዩ ወረቀት ብቻ አይምሰላችሁ። ዛሬ መተየብ ሲቻል ለሰኞ የተባለ ግልባጭ፣ ለሰኞም ተብሎ ፊርማ ያጣ ግልባጭ፣ በአንድ ሰው እስራት ላይ ማንም ዳኛ ያልፈረደውን ቀን ይጨምራል። የማረሚያ ቤቱም ጸሐፊ የእስረኛውን የይግባኝ ወረቀት ተቀብሎ በዕለቱ ሲያስተላልፍ ከጠበቃ የማያንስ ሥራ ሠርቷል። ለዚህ አዲስ ዐዋጅ፣ አዲስ በጀት፣ አዲስ ሕንፃም አያስፈልግም። የሚያስፈልገው መዝገቡን ሲከፍቱ አስቀድሞ አንድ ነገር መመልከት ነው፤ ስንት ወር ተፈረደበት? ከዚያስ ውስጥ ስንት ቀን ቀረው?